ጩማ ላፕቶፕ የመረጠበት ቀን

የምነግራችሁ ስለ ጩማ ነው። ወላይታ ሶዶ፣ እኔ መዝገብ ቤት በምሠራበት መምሪያ፣ ለረጅም ዓመት ጸሐፊ ነበር። ሥራ የጀመረው ገሱባ፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በጽሕፈት መኪና ነው። በኋላ ወደ ዞን ተዛወረ፤ ኮምፒውተር ሲመጣም ወጣቶቹን ቀድሞ ለመደው። ሲጽፍ እጁን አያይም። የመጣው ኃላፊ ሁሉ ደብዳቤ ሲቸኩልበት “ጩማን ጥሩልኝ” ነበር የሚለው።

ዓይኑ መድከሙን ከቢሮው ሰው ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት መዝገብ ቤት ገባና ወንበሬ ላይ የሰቀልኩትን ኮት በወላይትኛ ሰላምታ “ሳሮ መልካሙ፣ ደህና አደርክ?” አለው። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ ፋይል እያወረድኩ ነበር። ኮቱ ሲዘጋው ጊዜ ቆም አለና እንደገና ሰላም አለው። ከላይ ሆኜ “እግዚአብሔር ይመስገን” ስለው ፊቱ አመድ መሰለ።

በሩን ዘግቶ ወደ መሰላሉ ተጠጋ።

“ለማንም እንዳትናገር። መጀመሪያ ግራና ቀኙ ነበር የጠፋኝ፤ አሁን መሐሉም ጭጋግ ሆኗል። ብርሃን ይታየኛል። ሰው መቆሙም ይታየኛል። ማን እንደሆነ ግን አልለይም።”

“ታዲያ ሐኪም ጋ አትሄድም?”

“ሐኪም ወረቀት ይጽፋል። ወረቀቱ ቢሮ ይመጣል። መጀመሪያ የሚገባው አንተ ጋ ነው፤ አንተ ደግሞ ቁጥር ሰጥተህ ለኃላፊ ታቀርበዋለህ። የማያይ ጸሐፊ ምን ሊባል ነው? ሦስት ልጅ ነው ያለኝ መልካሙ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ረቂቁን እኔ አነብለታለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ሰው ሲጠይቀው “የኃላፊዎቹ የእጅ ጽሑፍ ያናድደኛል፤ በጆሮዬ ይቀለኛል” ይላል፤ እውነትም የኃላፊዎቹ የእጅ ጽሑፍ የዶሮ ጭረት ስለሆነ የተጠራጠረ አልነበረም። የጻፈውን መልሶ የሚያርምለት ደግሞ ሳምራ ነበረች። ሳምራ ሁለተኛዋ ጸሐፊ ናት። ስትቀጠር በሁለት ጣት ነበር የምትጽፈው፤ ዐሥሩንም ጣት ያስተማራት እሱ ነው። “ጋሼ” ነው የምትለው። እርማቱን “ይጠቅምሻል፣ ተለማመጂበት” እያለ ይሰጣት ነበር፤ እሷም አርማ ታትምለታለች።

ባለፈው ዓመት ድልድል መጣ። በአዲሱ መዋቅር ለመምሪያችን የተፈቀደው ጸሐፊ አንድ ሆነ፤ ሌላው ቦምቤ ወረዳ ይመደባል ተባለ። ሳምራ ገና ጡት ያልጣለ ልጅ አላት፤ ባሏ የሚሠራው ሶዶ ነው። ጩማ ደግሞ በአገልግሎትም በሥራ አፈጻጸምም ይበልጣታል። ማን እንደሚቀር፣ ማን እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቀው ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መዝገብ ቤት መጥታ መደርደሪያው ላይ ተደገፈች።

“መልኬ፣ ጋሼ ጩማ ያያል?”

“ምን ማለትሽ ነው?”

“ትናንት ወረቀቱን ገልብጬ ሰጠሁት። ተገልብጦ እንዳለ እያየ ‘ጥሩ ነው፣ አትሚው’ አለኝ።”

“ሐሳብ ይዞት ይሆናላ።”

“አንተ ታነብለታለህ፣ እኔ አርምለታለሁ። ታዲያ ጸሐፊው ማነው?” አለችና ፊቴን አየችው። “ቦምቤ ልጄን ለማን ትቼ ልሂድ? እሱ ንገረኝ።”

ጩማን ማስጠንቀቅ ነበረብኝ። ዛሬ ነገ ስል ሳምንቱ አለቀ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ የግዥ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ለመምሪያው ስድስት ላፕቶፕ ሊገዛ ስለነበር አቅራቢው ሁለት ናሙና ልኳል። አንዱ ቀጭን፣ ብርማ፣ በሁለት ጣት የሚነሳ፣ ስክሪኑ እንደ መስታወት የሚያበራ ነው። ሁለተኛው ጥቁር፣ ወፍራም፣ ከበድ ያለ ነው፤ ስክሪኑ አያንጸባርቅም፣ ደብዘዝ ያለ ይመስላል። የአይቲ ባለሙያው ቸርነት “ይኼ ፕሮፌሽናል የሚባለው ነው” አለ።

የመምሪያው ኃላፊ አቶ ተሻገር ቀጭኑን አንስተው በመዳፋቸው መዘኑት። “ይቺ ናት እንጂ! ስብሰባ ይዘዋት ቢሄዱ የምታኮራ። ያኛው ምን ጡብ ነው?”

“ቀጭኗ ለመንገድ ጥሩ ናት” አለ ቸርነት። “ቀኑን ሙሉ ለሚጻፍባት ግን ኪቦርዷን እጠራጠራለሁ።”

“በጥርጣሬ ግዥ የለም። የሚጽፍ ሰው እያለን ምን ያከራክረናል? ጩማን ጥሩት። መልካሙም ይምጣና የሚጻፈውን ያንብብለት።”

ሳምራ ቃለ ጉባኤ ልትይዝ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጩማ ገብቶ ወንበሩን በእግሩ ፈልጎ ተቀመጠ። መስኮቱ ከጀርባው ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት አካባቢ ስለነበር ፀሐይ ክፍሉን ሞልታዋለች። እኔ አንድ የቆየ ሰርኩላር ደብዳቤ ይዤ ማንበብ ጀመርኩ፤ እሱም በመጀመሪያ በጥቁሩ፣ ቀጥሎ በቀጭኑ ጻፈ። ሲጽፍ ያላየው ሰው አይገባውም። ትከሻው አይነቃነቅም፤ ጣቶቹ ብቻ ይሮጣሉ። አቶ ተሻገር እንኳን ስልካቸውን ትተው አዩት።

ሲጨርስ እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

“ጥቁሩ ይሻላል። ጣቴን ሳሳርፍበት ይቀበላል፣ መልሶም ያነሳኛል፤ ዓመት ሙሉ ቢደበደብ ምንም አይሆንም። ቀጭኗ ጥልቀት የላትም፤ ጠረጴዛ የምመታ ነው የመሰለኝ። ደግሞ የ‘ነ’ ቁልፏ በሽተኛ ነው። አንዴ ስነካው ሁለቴ ይወርዳል።”

ቸርነት ጎንበስ ብሎ አየ። “ኧረ በሥላሴ! ‘ነገር’ የሚለው ‘ንነገር’ ሆኗል። እዚህም፣ እዚህም!”

“አዲስ ዕቃ ነው እኮ” አሉ አቶ ተሻገር።

“በአዲስነቱ የታመመ ሲያረጅ ምን ሊሆን ነው ጌታዬ?” አለ ጩማ፤ ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ። ደስ ብሎት ነበር። ቀና ብሎ፣ እጁን አጣምሮ፣ እንደ ሽማግሌ ዳኛ ተቀምጦ ሳየው እኔም ደስ አለኝ። ድልድሉ እዚያው ያለቀ መሰለኝ።

ያኔ ነው ሳምራ ከጥግ የተነሳችው።

“ስክሪኑንስ? እሱንም ጋሼ ይፍረድ እንጂ። ቀኑን ሙሉ የሚያፈጥበት እሱ ነው።”

“እውነቷን ነው” አሉ አቶ ተሻገር።

ቸርነት በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ፎቶ ከፈተ፤ የዳሞታ ተራራ፣ አናቱ ላይ ደመና ያለበት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ወደ ጩማ አዞራቸው። ሳምራ ልታስተካክል መስላ ጎንበስ አለችና የቀጭኑን ማጥፊያ ተጫነች። ስክሪኑ ጨለመ። አየኋት። እሷም ማየቴን አየች፤ ዓይኗን ግን አልሰበረችም።

ብስል፣ ወንበሬን ባንቀሳቅስ፣ “ጠፋ እኮ” ብል ይበቃ ነበር። አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ለሦስት ዓመት አብሬው የደበቅሁ ሰው ነኝ፤ አብሮ የሚያስጠይቀኝ መሰለኝ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላገኘሁም።

ጩማ አንገቱን ወደ ጥቁሩ፣ ከዚያ ወደ ቀጭኑ አዘነበለ። በጠፋው መስታወት ላይ ከጀርባው ያለው የመስኮቱ ፀሐይ ወለል ብሎ ያበራል።

“ጥቁሩ ትንሽ ደብዘዝ ይላል” አለ በጥንቃቄ። “በስክሪን ቀጭኗ ትበልጣለች። ብርሃኗ ጥሩ ነው። ሰማዩ ፍንትው ብሎ ይታያል።”

አቶ ተሻገር ስክሪኑን አዩ፤ ጩማን አዩ። “የቱ ሰማይ?”

“ይኼው፣ የፎቶው።”

“ጋሼ፣ ጠፍቷል እኮ” አለች ሳምራ። ድምጿ ለስላሳ ነበር፤ ሕፃን የምታባብል ነው የምትመስለው። “ስክሪኑን አጥፍቼዋለሁ። ምንም የለበትም።”

ቸርነት ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ አመለጠው። ከኮሚቴው አንድ ሁለት ሰዎች ግን ተከተሉት። ጩማ እጁን ወደ ስክሪኑ ልኮ በጣቱ ጫፍ ነካው፤ ወዲያው ደግሞ እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበው።

“ፀሐይዋ ናት” አለ። “አንጸባርቃብኝ ነው።”

“ይሁና። አቶ ጩማ፣ ወደ እኔ ይመልከቱ” አሉ አቶ ተሻገር። “ስንት ጣት ነው?”

ጩማ ወደ ድምፁ ዞረ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ዓይኑን ጠበብ አደረገ።

“ሦስት።”

አቶ ተሻገር እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አላነሱም ነበር።

አሁን የሳቀ የለም። ጩማ ዝምታውን ሲሰማ መሳሳቱን አወቀና “ሁለት” አለ። ቀጥሎም ቀስ ብሎ “አራት?” አለ።

“ይበቃል፣ ይበቃል” አሉ ኃላፊው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “አንተ ታነብለት የነበረው ለዚህ ነው? ታውቅ ነበር?”

ጩማም ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

“አላውቅም ጌታዬ” አልኩ። “የእጅ ጽሑፍ ያስቸግረኛል ስላለኝ ነው።”

ጩማ እኔን አሳልፎ ለመስጠት አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ ግን ከአፉ አልወጣም።

አቶ ተሻገር ሰዓታቸውን አዩ። “በሉ ቃለ ጉባኤው ይጻፍ።” ሳምራ ወደ ጥቁሩ ላፕቶፕ ስትጠጋ በእጃቸው አስቆሟት። “እሱ ይጻፈው። ጣቱ እንደሆነ ጤነኛ ነው።”

እሳቸው ተናገሩ፣ ጩማ ጻፈ። አንደኛ፣ በጸሐፊው በአቶ ጩማ የሙያ አስተያየት መሠረት ኮሚቴው ባለ ጠንካራ ኪቦርዱን ፕሮፌሽናል ላፕቶፕ መርጧል። ሁለተኛ፣ አቶ ጩማ የማየት ችግራቸውን ከመሥሪያ ቤቱ ደብቀው ሲሠሩ መቆየታቸው ስለተረጋገጠ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ገበታቸው ተነስተው ለሐኪሞች ቦርድ እንዲቀርቡ ተወስኗል። “ተረጋገጠ” የሚለው ላይ ጣቱ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። ታትሞ ሲወጣ ቸርነት አነበበው፤ አንድም ፊደል አልተሳሳተም።

ሁላችንም ፈረምን። እሱም እንዲፈርም ወረቀቱን ሲሰጡት የስሙን መስመር አጣው። ብዕሩን ይዞ ወረቀቱ ላይ ሲዳብስ ሳምራ መጥታ የእጁን አንጓ ያዘችና አስቀመጠችለት።

“እዚህ ጋ ነው፣ ጋሼ።”

“አመሰግናለሁ፣ ልጄ” አለ። ከልማድ የወጣ ቃል መሆን አለበት።

ቦርዱ ብዙ አልቆየም። የዓይን ሐኪሙ የዓይን ግፊት፣ ግላኮማ የሚሉት መሆኑን፣ ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ በጠብታ ይያዝ እንደነበር ነገረው፤ አሁን ግን የጠፋው አይመለስም። ጩማ በሕመም ጡረታ ወጣ፤ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ገሱባ፣ ወደ አባቱ መሬት ተመለሰ። ሸኙኝ አላለም፤ ቢሮውም አልሸኘውም።

ሳምራ መደቡን አገኘች። ክፉ ናት እንድትሉልኝ አይደለም የምናገረው፤ ልጇ አሁን ይሮጣል፣ በሥራዋም ጎበዝ ናት። ስድስቱ ጥቁር ላፕቶፖች ያለ እንከን ይሠራሉ። አቶ ተሻገር ለእንግዳ ሁሉ “ምርጫ እንዲህ ነው” እያሉ ያሳዩዋቸዋል።

ባለፈው ሰኔ ለፋይል ጉዳይ ገሱባ ተልኬ ነበር። የገበያ ቀን ነው። ሚኒባስ ስፈልግ “መልካሙ! መልካሙ!” የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። የጩማ ሚስት ፈጠነች ናት፤ ቦይና ከፊቷ ከምራ ትሸጣለች። ቦይና እኛ ጋ የሚበላ የሥር ተክል ነው። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትከሻዬን ሳመችኝ። ከስታለች።

“እንዴት ነው ጩማ?” አልኳት።

“ቤት ነው። ዘንድሮ ብርሃኑም ጠፋው። ከአልጋ ወርዶ ደጅ ይቀመጣል፣ በቃ። ጭኑ ላይ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ አያለሁ፤ ዝም እለዋለሁ።” ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ። “አንተን ግን አይረሳህም። ሰው ሁሉ ሲክደኝ መልካሙ ብቻ ነው ያልከዳኝ፤ ምስጢሬን እስከ መጨረሻው ጠበቀልኝ ይላል። ለልጆቹም የሚነግራቸው ይህንኑ ነው። ና እንጂ፣ ቤታችን ከዚህ ዐሥር ደቂቃ ነው። ድምፅህን ቢሰማ እንዴት ደስ ይለው መሰለህ!”

“መኪናዬ ሊሄድ ነው” አልኳት።

“ለአንድ አፍታ?”

“ሌላ ጊዜ እመጣለሁ።”

አዘነች፤ ግን አልተቀየመችም። ከክምሩ ትልልቁን መርጣ ፌስታል ሞላችልኝ። አይሆንም ብል ማላ እንድወስድ አደረገችኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ አልኩ። በዚያ ጊዜ እሱ ቤት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ደርሼ መመለስ እችል ነበር። ፌስታሉን እግሬ ሥር አድርጌ በመስኮቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሳይ ቆየሁ። ከዚያ መኪናው ሞላና ወደ ሶዶ ተነሳን።