የሥጋ ቤቱ የጾም ድረ ገጽ

ሰው ምግብ ቤት የሚመጣው በአፍንጫው ነው ብዬ አምን ነበር። ጥብሱ ቸስ ሲል፣ ቃሪያው ሲሸት፣ መንገደኛውን እግሩ ራሱ ይዞት ይገባል። ጁባ ከተማ፣ ሃይ ማላካል የሚባል ሰፈር ውስጥ ሥጋ ቤት ከፍቼ ዓመታት የኖርኩት በዚህ እምነት ነው። ሰዓሊ ቀጥሬ በቤቱ በር ላይ ትልቅ ሰንጋ አሳልኩ፤ ከሥሩ «ከፈለ ሥጋ ቤት» ብዬ በአማርኛ አስጻፍኩ። ከዚህ ሌላ ማስታወቂያ ያስፈልግሃል ያለኝ ሰው ቢኖር እስቅበት ነበር። ሰዓሊው ሰንጋውን ለምን ፈገግ አድርጎ እንደሳለው ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ችግሩ የመጣው የሚያሸት ሰው ሲጠፋ ነው። በፈረንጆቹ 2016 ክረምት ከተማው ውስጥ ተኩስ ከተነሳ ወዲህ ደንበኞቼ ግማሾቹ አዲስ አበባ ገቡ፣ ግማሾቹ ካምፓላ ወረዱ። የቀሩትም ሥጋ የሚያምራቸው ደሞዝ በገባ ሰሞን ብቻ ሆነ። ሥጋ ደግሞ እስኪያምራቸው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ያልተሸጠውን ለጎረቤት እያደልኩ ሰፈሩ ውስጥ ደግ ሰው ተባልኩ፤ እኔ ግን በደግነት የምከስር ሰው መሆን አልፈለግኩም።

ዳዊ ብቅ ያለው በዚህ ጊዜ ነው። ዳዊ የነጭ ዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ጉምቦ ሰፈር ውስጥ መጠጥ ቤት ያለው፣ ሳቂታ፣ የሰው ዕቃ ሲያይ ዓይኑ የሚበራ የአገሬ ልጅ ነው። ትልቁን ፍሪጅ፣ ወንበሮቹን፣ የሥጋ መስቀያውን ሳይቀር ጠቅልሎ ሊገዛኝ ተስማማን። ከፋሲካ በኋላ መኪና ይዞ ሊመጣም ቀን ቆረጥን። ለባለቤቴ ለአባይነሽ ቤቱን ዘግተን አገራችን እንደምንገባ ነገርኳት። እሷም «ካልክ እሺ» ብላ ምስሯን መልቀም ቀጠለች። እሺ ካለችማ ተስማማች ብዬ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ግን ሌላ ነገር አመጣች። ዳዊ እስኪመጣ ድረስ አንድ ነገር እንሞክር አለች፤ ፀሎት ዌብሳይት ትሥራልን። ፀሎት ምሳዋን እኛ ጋ የምትበላ፣ ንያኩሮን ሰፈር የምትኖር፣ በአንድ መሥሪያ ቤት በኮምፒውተር ሥራ የተቀጠረች ሴት ናት። አሁን ጁባ የሚገባ እንግዳ ገና ከአውሮፕላን ሳይወርድ የሚበላበትንና የሚያድርበትን በስልኩ እንደሚፈልግ፣ እዚያ ውስጥ የሌለ ቤት ደግሞ ለእሱ ከነጭራሹ እንደሌለ ነግራታለች። እኔ ኢንተርኔት ሽታ የለውም ብዬ ተከራከርኩ። አባይነሽ ምስር መልቀሟን ቀጠለች። የእሷ ምስር ምን ጊዜም ከክርክሬ ይበልጣል፤ እሺ አልኩ።

ፀሎት ካሜራዋን ይዛ የመጣችው ሁዳዴ መሃል ነው። በሁዳዴ እኔ ሥራ ፈት ነኝ። ቢላዎቼ ታጥበው በጨርቅ ይጠቀለላሉ፣ መስቀያው ባዶውን ይንጠለጠላል፣ ቤቱን ይዛ የምትቆየው አባይነሽ ናት። የዚያን ቀን ያላትን ሁሉ ደረደረችው። ሽሮው እየተንተከተከ፣ ዱባ ወጡ፣ ጎመኑ፣ አዚፋው፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ የድንችና የካሮት አልጫው። ፀሎት ወንበር ላይ ቆማ ከላይ፣ ተንበርክካ ከታች አነሳችው። አባይነሽንም ድስቶቿ መሃል አቁማ አነሳቻት፤ ባለቤቴ ስትነሳ አንገቷን ቀለስ አድርጋ ሳቀች፣ ልክ እንደ ሙሽራ ሆነች። በመጨረሻ ፀሎት ወደ እኔ ዞራ ሥጋውስ ብላ ጠየቀችኝ።

ፀሎት ጴንጤ ናት፤ ሁዳዴን እንደ እኛ አትጾምም። ስለዚህ አልተቆጣኋትም፣ ግን ኮስተር አልኩ። በጾም ወራት ለፎቶም ቢሆን ቢላዬን ከጨርቁ አላወጣም አልኳት። ከፋሲካ በኋላ መጥተሽ ታነሺዋለሽ፣ ለአሁኑ ያለውን ጻፊ ብዬ አሰናበትኳት። እሷም ጠንቃቃ ሴት ናትና ያየችውን ብቻ ጻፈች፦ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ፈጽሞ የማይገባባቸው የኢትዮጵያ ምግቦች፣ ሃይ ማላካል። መንገዱን በካርታ ላይ አሳየች፣ የአባይነሽን ስልክ አስገባች፣ በእንግሊዝኛ ዋጋ አወጣች። በሳምንቱ መሥሪያ ቤቷ ዋው ወደምትባል ከተማ ላካትና ሄደች። ለምን ጾም ብቻ እንዳለበት በዚያ ገጽ ላይ አንድ ቃል አልተጻፈም። ጾም መሆኑን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

ፋሲካ መጣ፣ ቢላዬን ፈታሁ፣ ድረ ገጹን ከነመኖሩ ረሳሁት። አንድ እሁድ እኩለ ቀን ላይ ከብት አርቢ ከሆኑት ከሙንዳሪ ነጋዴዎች ከገዛሁት ሰንጋ አንዱን ታፋ ትከሻዬ ላይ አድርጌ በፊት በር ስገባ፣ የሕንድ ቤተሰብ ደጃፌ ላይ ቆሞ አገኘሁ። አባት፣ እናት፣ ልጆች፣ ነጭ የለበሱ አሮጊት አያትም አሉ። ሁሉም ታፋውን አዩ። አያትየዋ በሻርፓቸው አፋቸውን ሸፍነው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሰውየው ጃየሽ ይባላል፤ ጁባ ውስጥ የብረታ ብረትና የቀለም መደብር አለው። ስልኩን ዘረጋልኝ። የኔ ቤት ናት፤ ሽሮው አለ፣ ዱባው አለ፣ ሚስቴ እንደ ሙሽራ ትስቃለች።

«ላሃም ማፊ?» አለኝ በጁባ ዐረብኛ። ሥጋ የለም ወይ ማለቱ ነው። ደሙ እጅጌዬ ላይ እየወረደ ነበር።

ብዋሽ የሚያምነኝ የለም። እውነቱን ልናገር ብል ደግሞ ስለ ሁዳዴ፣ ስለ ፋሲካ፣ ስለ ቢላዬ የማስረዳበት ዐረብኛ የለኝም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ታፋ ከብዶኝ አያውቅም። ሰውየው ልጆቹን ሰብስቦ ሊመለስ ሲል አባይነሽ ከጓሮ ወጣች። ትንሿ ልጅ ስልኩን አየች፣ እሷን አየች፣ በጣቷ ጠቆመቻት። አያትየዋም ዞር ብለው አዩአት።

አባይነሽ እኔን በዓይኗ ወደ ኋላ ክፍል አባረረችኝና እንግዶቹን በጓሮ በር አስገብታ ከማንጎው ዛፍ ሥር አስቀመጠቻቸው። ጃየሽ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ይህ ምግብ የሚሠራበት ድስት ሥጋ ነክቶት ያውቃል ወይ? ይህ ከሆነ እናቱ እንደማይቀምሱ ነገራት። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ አበቃልን አልኩ። አባይነሽ ግን እንኳን ልትደነግጥ፣ ደስ አላት። የእናቷ ቤት ሥርዓት ነው፣ የጾም ዕቃና የፍስክ ዕቃ አይገናኝም። ድስቱ፣ ጭልፋው፣ መክተፊያው፣ ዘይቱ ሳይቀር ለብቻው ነው፤ በፋሲካ ማግስት ታጥቦ ሳጥን ይገባል። ሳጥኑን ጎትታ አውጥታ እፊታቸው ከፈተችው። አያትየዋ ተነስተው መጡ፣ ድስቶቹን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩ፣ ጭልፋውን አሸተቱ። ከዚያ የአባይነሽን ጉንጭ ዳበሱና ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

አባይነሽ በእነዚያው ድስቶች ሠርታ አቀረበችላቸው፤ ሲበሉ ከመጋረጃው ቀዳዳ አያቸው ነበር። ልጆቹ ሽሮውን በእንጀራ እየጠረጉ ይሻማሉ። ሲወጡ ጃየሽ ሳቅ እያለ አንድ ነገር አጫወተኝ፤ በሩ ላይ ያለውን ሥዕል አይተው ተገርመው እንደነበር፣ ፈገግ ያለ ከብት የሚያስል ቤት ከብት የሚያከብር ቤት መስሏቸው እንደገቡ። ጽሑፉን ማንበብ አይችሉማ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ከዚያ ወዲህ ጉድ ፈላ። ጃየሽ ለወገኖቹ ተናገረ፣ ወገኖቹ ድረ ገጹ ላይ ገብተው አወደሱት፣ ያንን ያነበቡ ሌሎች መጡ። ሥጋ የማትበላ ጀርመናዊት ሐኪም መጣች፣ ጓደኞቿን አስከትላ ተመለሰች። አዲስ የገቡ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ከሆቴላቸው ቦዳቦዳ በሚባለው የኪራይ ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጠው፣ ካርታውን እያዩ ቀጥ ብለው ይመጣሉ። አፍንጫቸውን አንድም ቀን አልተጠቀሙበትም። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ሰው ነው፤ ማዳም አባይነሽ አለች ወይ? እኔ በፊት በር ቢላዬን ስዬ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ በአጠገቤ እያለፈ ጓሮ ይገባል።

ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። ተናደድኩ፣ ቀናሁም። ሰንጋ ከቆመበት አይቶ ጮማውን የሚያውቅ ሰው በምስርና በጎመን ይተዳደር እንዴ እያልኩ ብቻዬን አጉረመረምኩ። ዳዊ የሚመጣበትን ቀን በናፍቆት መጠበቅ ጀመርኩ፤ አገሬ ብገባ ቢያንስ ሥጋ የሚበላ ሰው አገኛለሁ።

ዳዊ በቀጠሯችን ቅዳሜ መኪናውንና ሁለት ተሸካሚ ይዞ ከች አለ። ጓሮው ሞልቷል፤ ለተሸካሚዎቹ መንገድ ለመክፈት ወንበር ማንሳት ነበረብን። ዳዊ ሰዉን አይቶ ግራ ገባው፣ ግን ቃል ቃል ነውና ፍሪጁን ባዶ አድርጉልኝ አለ። እኔም ለአባይነሽ ነገርኳት። እንግዶቹ ከበዙ ወዲህ ለጾም ምግብ ብቻ ከተለየው ፍሪጅ፣ ጎንበስ ብላ ያሰናዳችውን አዚፋ አወጣች፣ የታጠበውን ጎመን አወጣች፣ ሁሉንም መሬት ላይ ደረደረች። ስትጨርስ የፍሪጁን በር ዘግታ እጇን እሱው ላይ እንዳደረገች ቆየች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«አባይ፣ ምን ሆንሽ? እሺ ብለሽ አልነበር?» አልኳት።

«ብያለሁ። አሁንም ሂድ ካልከኝ እሄዳለሁ» አለች። «ጁባ የመጣሁት አንተን ብዬ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ እዚህ የገባው ሰው ሁሉ አንተን ብሎ የመጣ ነበር። አሁን ገና እኔን ብሎ ሰው መጣ። ትንሽ ልየው ብዬ ነው።»

ልቤ ስንጥቅ አለ። እኔ እሺ የሚለውን ቃል ሰምቼ ጥሩ እንቅልፍ የተኛሁ ሰው፣ እሷ ምን ያህል ሌሊት ነቅታ እንዳደረች እንኳ አልጠየቅኩም። ተሸካሚዎቹ ፍሪጁን ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ ተዉት አልኳቸው። ዳዊ ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ የሚሸጥ ዕቃ የለኝም፣ ምሳ ግን አለኝ አልኩ። ትንሽ ተነጫነጨብኝ፣ ከዚያ ተቀመጠ። ከበላ በኋላ ደግሞ ሰዉን ሁሉ የጠራውን ድረ ገጽ ማን እንደሠራልን ጠየቀኝ፤ ጉምቦ ላለው መጠጥ ቤቱም እንዲሠራለት ፈልጎ ነው።

ፀሎት ከዋው የተመለሰችው ከዚያ በኋላ ነው። ገጹ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ስታነብ ፊቷ በራ። ከዚያ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛ ላይ ከፍታ እኔን አስቀመጠችኝ። ድረ ገጽ አንዴ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም አለችኝ፤ ቤቱ ሲለወጥ አብሮ ካልተለወጠ እንግዳውን ያታልላል። ለእኔም የራሴን ገጽ ልትሠራልኝ ተስማማን። በፊት በር ሥጋ፣ በጓሮ በር ጾም፤ መንገዱም ድስቱም ለየብቻ መሆኑ በግልጽ ይጻፋል። ቢላዬን ይዤ አነሳችኝ። ሳቅ በል ብትለኝ እንደ ሰንጋው ፈገግ አልኩላት።

አንድ ነገር ቀረ አለች ፀሎት። ድረ ገጹን እስካሁን ያስቀመጠችው ኢንተርኔት ላይ በነጻ የተሰጠ ቦታ ላይ ነው፤ አድራሻው ረጅም ነው፣ ሰው በቃሉ አይዘውም፣ ባለቤቱ ነገ ቢዘጋው ሁሉም ይጠፋል። የራሱ የአድራሻ ስም መግዛት ያስፈልገዋል።

«ስሙ የሚገዛው በዓመት ነው፣ ጋሽ ከፈለ» አለችኝ። «ለአንድ ዓመት ላድርገው?»

አባይነሽ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ የቢላዋ ድምፅ ቆመ። ቀና አላለችም፣ ግን ጆሮዋ እኛ ጋ ነው። ጁባ ነው ያለነው። ነገ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ የለም፤ እኔም አላውቅም።

«ትልቁ ስንት ዓመት ነው?» አልኩ።

«አሥር።»

«አሥሩን አድርጊው። በአባይነሽ ስም።»

ፀሎት መጻፍ ጀመረች። አባይነሽ ቀና ብላ አየችኝ፣ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ ሽንኩርቱ ነው አለች፣ መክተፏንም ቀጠለች።