ጸጥ ያለ ቤት ለወሬኛው

ድምፅ ማጉያው ባጓራ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጡ ነበር። ልብስ ሰፊው በመጠጥ ቤቱ ደብዛዛ ቀይ መብራት ውስጥ ቆሞ ይህን ሲያይ ደስታው ወሰን አጣ። አስተናጋጁ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀው፤ እንኳን ቃሉን ድምፁንም አልሰማውም። «ቤት ማለት ይሄ ነው!» አለ በልቡ። እዚህ ውስጥ ሰው ቢናገር ባይናገር ማን ያውቃል?

ማታ የሚሰበሰቡት አበባ ወዳጆች ናቸው። በስልክ ቡድን ተገናኝተው፣ ስለ በረንዳ አበባና ስለ ማዳበሪያ ሲጨዋወቱ ከርመው፣ ዛሬ ገና በአካል ሊተያዩ ነው። መጠጥ ቤቱን ምረጥ ብለው አደራውን የጣሉት እሱ ላይ ነበር፤ የሁሉም መንገድ በእሱ ሰፈር ያልፋላ! በቡድኑ ውስጥ «ወሬኛው» ነው የሚባለው። ጣቶቹ ስልክ ላይ ካረፉ ማን ሊያቆመው! ቀልዱ፣ ተረቡ ለጉድ ነው። በተለይ የአከራዩ ፍየል ጽጌረዳውን የበላችበትን ታሪክ ግማሽ ላይ አድርሶ «ቀሪውን በአካል!» ብሎ ከተዋቸው ወዲህ ሰዉ ሁሉ በጉጉት ሊሞት ደርሷል።

ታዲያ ወሬኛው በአፉ ተብታባ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ቃል ጉሮሮው ላይ ደርሶ እምቢ ይለዋል፤ እንግዳ ሰው ፊትማ ይብስበታል። ከቡድኑ ይህን የሚያውቅ አንድም የለም። ቤቱ ጯሂ ከሆነ ግን ጆሮውን እያመለከተ፣ አልሰማሁም፣ በኋላ እጽፍላችኋለሁ እያለ በምልክት ምሽቱን ይወጣዋል። ብልሃት አይደለም?

ስፌት ቤታቸው ሲመለስ ታላቅ እህቱ የአንዲት ደንበኛ ወገብ እየለካች ነበር። ከሰው መነጋገርና መለካት የእሷ፣ መስፋት የእሱ፤ ሥራውን እንዲህ ተካፍለው ነው የኖሩት። ስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ የመረጠውን ቤት ለቡድኑ ሊጽፍ ስልኩን ሲያወጣ፣ ለብቻው የተላከ መልእክት ጠበቀው። የላከችው ቁልቋል የሚሏት ናት፤ ስሙ የወጣላት በመስኮቷ ላይ ከምታሳድጋቸው እሾሃም ተክሎች ነው። በቀልዱ ቀድማ የምትስቀው እሷ ነች። እውነቱን ለመናገር፣ እሱም ከቀለደ በኋላ ስልኩን አፍጥጦ የሚጠብቀው የእሷን ሳቅ ነው።

«ወሬኛው፣ ላንተ ብቻ ልንገርህ። አንዱ ጆሮዬ ከተደፈነ ቆየ፤ ሌላውም እያገዘኝ አይደለም። የሰው ወሬ የምከተለው ከንፈሩን እያየሁ ነው። ጫጫታና ጨለማ ካለ ጠፋሁ ማለት ነው። ለሌሎቹ መናገሩ አሳፈረኝ። ደህና መብራት ያለው፣ ረጋ ያለ ቤት ብትፈልግልኝ? የፍየሏን መጨረሻ ከአፍህ ሳላይማ አልቀርም።»

እንዲህ ያለ ቤት አልተገኘም ቢላትስ? ማን ያጣራል? ግን ገና ሲያስበው ፊቱ በሃፍረት ጋለ። ደንበኛዋ እንደወጣች ስልኩን ለእህቱ ዘረጋላት።

«እ... እታለም፣ እስቲ እይው።»

አነበበችው። ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ምን አሰብክ?»

«መ... መርጬላቸው፣ እኔ እ... እቀራለሁ።»

«ደጋሹ የቀረበት ድግስ!» ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን ተወችው። «ወንድምዓለም፣ እሷ ደፍራ ነገረችህ። አንተ ከእሷ በምን ታንሳለህ?»

ከወንበሩ ተነሳ። ኮቱ ላይ የተጣበቀውን ክር አራግፋለት ወጣ።

ማዕዘኑ ላይ ያለው መጠጥ ቤት በየጠረጴዛው መብራት አለው። ሁለት ሽማግሌዎች ካርታ ይጫወታሉ፤ ካርታው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ይሰማል። እንዲህ ያለ ጸጥታ ሁልጊዜም ያስፈራዋል። ፍላጎቱን ስልኩ ላይ ጽፎ ለቤቱ ባለቤት ለአሮጊቷ ሴትዮ አሳያቸው።

«መነፅሬን አልያዝኩም የኔ ልጅ፤ በአፍህ ንገረኝ።»

ወይ ጣጣ! ላብ አጠመቀው። ቃሉን ከጉሮሮው እየጎተተ፣ ማታ እንግዶች እንዳሉት ነገራቸው። እስኪጨርስ ጠበቁትና የመስኮቱን ጠረጴዛ እንደሚይዙለት ቃል ገቡ። እዚያው ቆሞ የቤቱን አድራሻ ለቡድኑ ላከ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከጣት የወጣም ያው ነው።

ማታ ሲደርስ ሁሉም ተቀምጠው «ወሬኛው የት ገባ?» ይባባሉ ነበር። ቁልቋልን ወዲያው አወቃት፤ ትንሽ እሾሃም ተክል ይዛ መጥታ ፊቷ አስቀምጣለች። አሁንም መመለስ ይችላል፤ ማንም አላወቀውም። እግሩ ግን ወደ ጠረጴዛው ወሰደው።

«እ... እ... እ...»

ወሬው ቆመ። አንዱ ዐይኑን ወደ ብርጭቆው መለሰ፤ ሌላው ሊያግዘው አፉን ከፈተ። ቁልቋል ብቻ ዐይኗን ከከንፈሩ አልነቀለችም።

«እ... እኔ ነኝ» አለ። «ወ... ወ... ወሬኛው።»

«እንኳን መጣህ!» አለች፤ ድምፅዋ ከሚገባው በላይ ጮክ ያለ ነበር። «ጆሮዬ አይሰማም፤ ከንፈር ነው የማነበው። የሚያስቸግሩኝ ፈጣኖቹ ናቸው። አንተማ ተመቸኸኝ፤ የመጀመሪያው ‹ወ› ቢያመልጠኝ ሁለተኛውን እይዘዋለሁ!»

ቀድሞ የሳቀው እሱ ራሱ ነበር፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ያሳፈራትን ምስጢር ለእሱ ብላ ሰው ሁሉ ፊት እንዳወጣችው የገባው ሳቁ ጋብ ሲል ነው። ዐይኑ እንባ ሞላ፤ አልደበቀውም።

ፊት ለፊቷ ያለውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«በል፣ ፍየሏስ?» አለችው። የጠረጴዛውን መብራት ገፋ አድርጋ ወደ እሱ አስጠጋችው። ብርሃኑ አፉ ላይ አረፈ። ዕድሜውን ሙሉ ጥግ ጥጉን ሲፈልግ የኖረው ሰው ፊቱን አላዞረም።

«ፍ...» አለ። «ፍ... ፍ...»

ማንም አልቸኮለም።