ከፍራሽ የተቆረጠች ተራራ

«እኔ እንደሆንኩ ዳግመኛ አልወፍርም፤ ሞቼ ነው ቆሜ!» አለች ተራራ፣ አገጯን ቀና አድርጋ።

ይህን ስትል እጆቿን እንደተሰጣ ልብስ ግራና ቀኝ ዘርግታ ቆማ ነበር። ልብስ ሰፊው ጋሼ ደግሞ ከኋላዋ ተንበርክከው አንድ ወፍራም ስፖንጅ ከመቀመጫዋ ላይ በላስቲክ እያሰሩላት ነበር።

«አትወዛወዢ» አሉ፣ በጥርሳቸው በያዙት ስፒል መሀል። «ትናንት ወደ ግራ ዞሮብሽ ነው የዋለው።»

«ማን አየው?»

«እኔ አየሁት። ሌላው ሰው ደግሞ አይቶ ዝም አለ።»

ተራራ ያለቻት ባለሱቋ ናት፤ በስድብ ሳይሆን በፍቅርና በንግድ። ሱቁ የሚሰፋው ሞላ ላሉ ሴቶች ብቻ ነው። ሌላ ቦታ «ያንቺ ቁጥር የለንም» ተብለው፣ ከሻጯ ዓይን ሸሽተው የወጡ ሁሉ ወደዚህ ይመጣሉ። ከበሩ በላይ ባለው ታፔላ ላይ ቀይ ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን ወገቧ ላይ ጭና፣ ዓለምን በአንድ ጉርሻ ልትውጥ የተዘጋጀች የምትመስለው ሳቂታ ወፍራም ሴት እሷ ናት። ጋሼም በሜትር ቁጥር ብቻ የሚቆርጡ ሰው አልነበሩም። ጨርቁን ተራራ ላይ ጥለው፣ አስቀምጠው፣ አስጎንብሰው፣ ደረጃ አስወጥተው አስወርደው ነው የሚሰፉት። ደንበኞቹ ቀሚሳቸውን ራሳቸው ከመልበሳቸው በፊት እሷ ላይ ያዩታል። እሷ ላይ ካማረ ትከሻቸው ዝቅ ይላል፣ ይስቃሉ፣ ይስማማሉ። ገላዋ የሱቁ መስታወት ነበር፤ ያውም የማያሳፍር መስታወት።

ታዲያ ይህ ገላ አንድ ቀን ሆስፒታል ገብቶ፣ ጨጓራውን አስቆርጦ ወጣና እንደ ሳሙና ያልቅ ጀመር።

ባለሱቋ መጀመሪያ አጨበጨበች። ከዚያ ደንበኛው ሲመናመን ነገሩ ይከነክናት ጀመር። ሌላ ወፍራም ሴት ፈለገች፤ ያገኘቻቸው ሁሉ ሰው ፊት መቆም አፈሩ። በመጨረሻ መላውን ያመጣው ፍራሽ ነው። ተራራ ከቀለለች ወዲህ አሮጌው ፍራሿ ላይ መተኛት አልቻለችም ነበር፤ ለዓመታት የጎደጎደው ቦታ ጉድጓድ ሆኖባት ሌሊቱን ሙሉ ስትንከባለል ታድራለች። እናቷ ፍራሹን ልትጥለው በር ላይ አውጥታ ስታቆመው ባለሱቋ አየችው። ጋሼ ቆረጡት፣ ሞረዱት፣ ቅርጽ አወጡለት፤ ሆድ ሆነ፣ ዳሌ ሆነ፣ ክንድ ሆነ። ድሮ ፍራሹ ተራራን ይሸከም ነበር። አሁን ተራራ ፍራሹን ትሸከማለች።

ባለሱቋ የመለኪያ ክፍሉን መጋረጃ ገልጣ አንገቷን አስገባች።

«የዛሬዋን ደንበኛ ካስደሰትሽልኝ ከነገ ጀምሮ ስፖንጅ የለም። መቁረጫው ጠረጴዛ ጋ ወንበር አደርግልሻለሁ፤ ከጋሼ ሙያ ትማሪያለሽ። ቃሌ ነው።»

«ባለፈውም ቃልሽ ነበር፣ እትዬ።»

«ባለፈው የመጣችውማ እዚህ ግባ የማትባል ናት። የዛሬዋ የሙሽራ እናት ናት፤ እህቶቿም እንደሷ በር የሚሞሉ ናቸው አሉ። ብቻ አፍሽን ሰብስበሽ ቁሚልኝ።»

ወንበር። ተራራ ቃሉን በልቧ አገላበጠችው። ኦፕሬሽን የገባችው ለቁንጅና አልነበረም፤ ደረጃ ሳትቆም መውጣት፣ ጫማዋን ራሷ ማሰር ፈልጋ ነው። ደግሞም ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ ስትታይ ኖራለች። ተቀምጣ የገዛ እጇን የምታይበት ሥራ አማራት። ጠመኔ፣ መቀስ፣ ጨርቅ፤ ሌላ ምንም።

ሐኪሙ ስለ ቁስሉ፣ ስለ ክኒኑ፣ ስለ ሾርባው ሁሉን አስረድቷታል። ስለ ሰው ግን ምንም አልነገራትም። ድሮ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰሃኗን የሚያየው በልታ ልትጨርሰን ነው ብሎ ነበር፤ አሁንም ሁሉም ሰሃኗን ያያል፣ አልበላችም ብሎ። «በቃሽ» ስትል የኖረች እናቷ ዛሬ «ብዪ እንጂ፣ ምን በደልኩሽ?» እያለች ዓይኗን ታብሳለች። ጎረቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጅቷን ምን አገኛት?» ይላል። ኦፕሬሽኑን የሰማው ደግሞ «እንዲህማ ማንም ይከሳል» ብሎ አፍንጫውን ይነፋል። ጸጉሯ በማበጠሪያ ይረግፋል። ሰው በሙቀት ሲያልበው እሷን ይበርዳታል። ከሆዷ በታች የተረፈው ቆዳ ባለቤቱ እንደረሳው ከረጢት ተንጠልጥሏል። በር ሲያጋጥማት እስካሁን በጎኗ ነው የምታልፈው፤ እግሯ ወሬው አልደረሰውም።

ጋሼ የመጨረሻውን ላስቲክ ከጀርባዋ ቋጠሩና ጥቁር ሰማያዊውን ቀሚስ ከራሷ በላይ አለበሷት። ዚፑ ከወገብ እስከ ማጅራት ተሳበ። ተራራ እጇን ወደ ኋላ ብትልክ የክንዱ ስፖንጅ ከለከላት። አንዴ ከተዘጋች በኋላ በገዛ እጇ እንደማትወጣ ታውቃለች፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።

«የቀሚስ ቁልፍ ገዝቼ መጣሁ» ብለው ጋሼ በኋላ በር ወጡ።

የሙሽራው እናት ሲገቡ ክፍሉ ጠበበ። ትልቅ ሴት ናቸው፤ አረማመዳቸው ወለሉን የሚያዝ። በአንድ እጃቸው ቦርሳ፣ በሌላው የኬክ ካርቶን ይዘዋል። ተራራን ከላይ እስከ ታች አዩዋትና ፊታቸው በራ።

«ጎሽ! ሰው ማለት እንዲህ ነው» አሉ። ቀረብ ብለውም ዳሌዋን በመዳፋቸው ቸብ አደረጉት። ስፖንጁ ገባ አለና ቀስ እያለ ተመለሰ። ተራራ ትንፋሿን ያዘች። ሴትየዋ መዳፋቸውን ለአፍታ አዩት።

«እንዲህ አምሮ የቆመ ቀሚስ አይቼ አላውቅም» አለች ባለሱቋ ከበሩ፣ ድምፅዋን ማር አስመስላ። «እርስዎ ላይ ደግሞ ይብሳል።»

«እናያለን፣ እናያለን።» የሙሽራው እናት ዞር ዞር እያሉ እጅጌውን ጎተቱ፣ ደረቱን አዩ። «ለኔ ካማረ ለእህቶቼም አዛለሁ። ግን ሁሉም በዚችው ላይ ካላዩ አይስማሙም። በየተራ ይመጣሉ፤ ሠርጉ እስኪደርስ እየመጡ ነው።»

«ምን ችግር አለው!» አለች ባለሱቋ። «ተራራ የት ትሄዳለች?»

ተራራ በመስታወቱ ውስጥ የባለሱቋን ዓይን ፈለገች። ባለሱቋ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰደደችው። ቃል የተገባላት ወንበር እዚያው፣ ሳይቀመጥበት ተነሳ። ካላስደሰተች ከሥራ ትባረራለች፤ ካስደሰተች ደግሞ ከስፖንጁ አትወጣም። ከፊት ለፊት ሌላ ደንበኛ ደወሉን ሲደውል ባለሱቋ «መጣሁ» ብላ እየሮጠች ሄደች፤ ደስ ብሏት የሄደች ትመስላለች።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። የሙሽራው እናት ካርቶኑን በርጩማው ላይ አስቀምጠው ከፈቱት። ለሠርጉ የሚታዘዘውን ለመምረጥ ከየኬክ ቤቱ የሰበሰቡት ቅምሻ ነው።

«ነይ፣ አንቺ ፍረጂኝ። ቤቴ ያሉት ቀጫጮች ኬክ ምን ያውቃሉ? በሹካ ጫፍ ነክተው ‹ሁሉም ጥሩ ነው› ይላሉ።»

«አሁን እንኳ ጠግቤያለሁ፣ እናቴ።»

«አንቺ?» ሳቁ። «ባክሽ አታስቂኝ።»

ተራራ ትንሽ ቆረሰችና ቀመሰች። «ይሄ ጥሩ ነው።»

«አንቺም እንደነሱ ሆንሽ! ጨርሺው እንጂ። እንዲህ ያለ ገላ ተሸክመሽ በኬክ ታፍሪያለሽ?» ቁራሹን በናፕኪን አድርገው እጇ ላይ አኖሩት። «አየሽ፣ የወንድሜ ሚስት ሆዷን አስቀደደች አሉ። አፏን መዝጋት አቅቷት በቢላ! አሁን ግብዣ ላይ እንደ ጫጩት ትለቅማለች። ዓይኗ ጎድጉዷል። እኔ እንደሷ ከምሆን እንዳለሁ ልቀበር።» ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ያህል፣ «ደረጃ ስትወጣ ግን ብታያት...» ብለው ነገሩን ቆረጡት።

ተራራ በላች። ሌላ ምን ታደርግ? ቁራሹ ሲያልቅ ሌላ ተሰጣት፣ እሱንም በላች። ኬክ ትወድ ነበር፤ አሁን ግን ቅቤው አፏ ውስጥ እንደ ሰም ተለጠፈ። «ሁለተኛው ይሻላል» አለች። የሙሽራው እናት ረኩና ወደ ቀሚሱ ተመለሱ። ጫፉ ይጠር አይጠር፣ አንገቱ ይከፈት አይከፈት ሲሉ፣ ተራራ ሐኪሙ ‹የተቆረጠ ጨጓራ ጣፋጭ አይችልም› ያላትን በልቧ እያነበነበች ጠበቀች። ምናልባት ዛሬ ይምረኝ ይሆናል አለች።

አልማራትም። መጀመሪያ ልቧ ነው የጀመረው፤ ከስፖንጁ ሥር ሆኖ በሩን ክፈቱልኝ እንደሚል እስረኛ ይደበድብ ጀመር። ከዚያ ላብ። ከግንባሯ፣ ከብብቷ፣ ከጀርባዋ ፈልቆ ስፖንጁ ጠጣው፤ ስፖንጁም ከበዳት። ሆዷ፣ ያ ትንሹ የራሷ ሆድ፣ በትልቁ ሆድ ውስጥ እንደ ጨርቅ ተጠመዘዘ። መብራቱ ለሁለት ተከፈለ። እጇን ወደ ዚፑ ላከች፤ አልደረሰም። በሌላኛው እጇ ሞከረች፤ አልደረሰም። በገዛ ፍራሿ ታፍና ልትሞት ነው፤ ያውም ቆማ።

«ዚፑን» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ዚፑን ይክፈቱልኝ። በእናትዎ!»

ሴትየዋ ፊቷን አይተው ደነገጡ። ከኋላዋ ዞረው ዚፑን እስከ ወገቧ ሳቡት፣ ከውስጥ የተቋጠረ ላስቲክ ሲያዩ ጥያቄ ሳይጠይቁ እሱንም በጠሱት። ቀሚሱ ተንሸራተተ። የተራራ ሆድ ከላይዋ ወርዶ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ አንዴ ነጠረ፣ ከኬክ ካርቶኑ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ዳሌዋ ተከተለው።

ተራራ በርጩማው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ካናቴራዋ ወደ ላይ ተሰብስቧል። የሙሽራው እናት አንዴ ወለሉ ላይ ያለውን ሆድ፣ አንዴ እሷን አዩ። ከዚያ የካርቶኑን ክዳን ቀደው ያራግቡላት ጀመር። ዓይናቸው ሆዷ ላይ ያሉት ትንንሽ ጠባሳዎች ጋ ደርሶ እዚያው ቀረ፤ ለሐሜት ከሚበቃው በላይ ቀረ።

«ያማል?» አሉ በቀስታ።

«ይሄ አያምም። ኬኩ ነው የሚያመው።»

ሴትየዋ የማያራግበውን እጃቸውን ሳያውቁት የራሳቸው ሆድ ላይ አሳርፈውት ነበር። ተራራ አየችው። እሳቸውም ማየቷን አይተው እጃቸውን አነሱ።

መጋረጃው ተገለጠ። ባለሱቋ ነች። ወለሉን አየች፣ አፏን በእጇ ያዘች። «ወይኔ ጉዴ!»

የልቧ ምት መለስ ሲል ተራራ አንድ ነገር ገባት፤ ከዚህ በላይ የምታጣው የላትም። ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። ታፔላው ላይ እንዳለችው ሴት እጇን ወገቧ ላይ ጫነች፤ ወገቧ ከጠበቀችው ቦታ ራቅ ብሎ ተገኘ።

«አዎ፣ በቢላ ነው!» አለች። «የወንድምዎ ሚስት ብቻዋን አይደለችም። ልተነፍስ ብዬ አስቆረጥኩ፤ ተነፈስኩ፤ ከዚያ እናንተ በፍራሽ አፈናችሁኝ። እትዬ፣ ስሚኝ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ሱቅ ከቆምኩ በራሴ ገላ ነው የምቆመው። የማንም መስታወት አይደለሁም። የማንም ተራራ አይደለሁም። አበቃ!»

ባለሱቋ ደንበኛዋን፣ ደንበኛዋ ተራራን አዩ። ተራራ አገጯን እንደ ጠዋቱ ቀና እንዳደረገች ቆየች። ላቧ እየደረቀ ይበርዳት ጀመር።

የሙሽራው እናት ጎንበስ ብለው ስፖንጁን ከወለሉ አነሱት፣ የኬክ ፍርፋሪውን አራገፉለት፣ ወደ እሷ ዘረጉት።

«ጨረስሽ?» አሉ። «እንግዲያው ሆድሽን መልሰሽ ልበሺ፤ ቀሚሴን ከጎን አላየሁትም።»