ማሽኑ የሚያውቀው እጅ

«እጅህን ስጠኝ እንጂ፤ ውሃው እኮ ቀዘቀዘ» አለ ጋሽ ኤርጎ፣ በአንድ እጁ ማንቆርቆሪያ በሌላው ሳፋ ይዞ ጎንበስ እንዳለ።

አንጁሎ ቀና ብሎ አየውና መልሶ አቀረቀረ። ሁለት እጆቹ ጋቢው ውስጥ ናቸው። ሚስቱን ሽታዬን ቀብሮ ከተመለሰ ወዲህ እጁን ለሰው አሳይቶ አያውቅም።

«አልበላም ጋሼ።»

«ብላ ማን አለህ? ታጠብ ነው ያልኩህ። የታጠበ ሰው ቆይቶ ይርበዋል።»

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ፈገግ አሉ። ጋሽ ኤርጎ የእድሩ ዳኛ ነው፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሰው ሳያስፈግግ ከወጣ ሥራውን ያጓደለ ይመስለዋል። አንጁሎ ግን አልሳቀም። ሽማግሌው ጥቂት ጠበቀውና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

ጠዋት የጀመረው የጂንካ ዝናብ አላባራ ብሎ የድንኳኑን ሸራ ይደበድባል። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ደግሞ የሹክሹክታው ድምፅ ከፍ ይላል።

«ያቺ ልጅ እስካሁን አልመጣችም አይደል?» አለች ጎረቤቲቱ አልማዝ።

«የቷ?»

«ፈታሿ ናታ፣ ኢየሩስ። በምን ፊቷ ትመጣለች? ሽታዬ እጇን ይዛ ሥራ አስተማረቻት፤ እሷ ባሏን ከበር መለሰችባት።»

«ማሽኑ ነው የጮኸው ይላሉ እኮ።»

«ማሽኑማ ይጩህ። የከለከለችው እሷ አይደለችም?»

አንጁሎ ሰማ። ኢየሩስን አልተቀየማትም። ከእሷ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ለማንም አልተናገረውም። ሽታዬን በተሽከርካሪ ወንበር ገፍተው ወደ አውሮፕላኑ ሲያወጧት፣ እሱን ፍተሻው ጥግ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አቁመውት ነበር። ፊቷን አላየም። ተከፍታ ይሆን? ትቶኝ ቀረ ብላ ይሆን የሄደችው? ያን ፊት ቆማ ያየችው ኢየሩስ ናት። ኢየሩስ ደግሞ አልመጣችም።

የባልና ሚስቱ ሥራ ለሰፈሩ የሳቅ ምንጭ ነበር። አንጁሎ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ለመንገድ ሥራው ድንጋይ በሚወጣበት ካባ፣ ቋጥኝ በድማሚት ያፈርሳል። ሽታዬ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ የመንገደኛ እጅና ሻንጣ ትፈትሻለች። «አንዱ ያፈነዳል፣ አንዷ ፈንጂ ትፈልጋለች፤ ማታ ቤት ሲገናኙ ምን ይባባሉ ይሆን?» ይሉ ነበር። ማታ ቤት ሲገናኙማ እራት በልተው፣ መጽሐፍ ቅዱስ አንብበው፣ ይጸልያሉ። ጌታ ልጅ አልሰጣቸውም። ከጸሎቱ በኋላ እሷ የእሱን እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ በቫዝሊን ታሸዋለች፤ የተሰነጠቀው ቆዳ ግን ቫዝሊኑን ሁሉ ጠጥቶ ጠዋት መልሶ ይደርቃል።

አንድ ሰሞን ሁለት ነጋዴዎች ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መጡ። ፈንጂ የሚያሸት ማሽን ሊገዛ ጨረታ ወጥቶ፣ ተጫራቾቹ ዕቃቸውን ሙቀትና አቧራ ባለበት ቦታ እንዲያስሞክሩ ተብሎ ነበር። አንደኛው ነጋዴ ያመጣው የካውያ ያህል ትንሽ ነው፤ ቀላል፣ የሚያምር፣ ዋጋውም ረከስ ያለ። የሁለተኛው የዳቦ መጋገሪያ የመሰለ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው፣ ውድ ነገር። ሁለቱም ነጋዴዎች ከአዲስ አበባ በጠርሙስ በያዙት የፈንጂ ናሙና ሲሞክሩ ሁለቱም ማሽኖች ጮኹ።

«የራሳችሁን ጠርሙስማ እንዴት አያውቁት» አለች ሽታዬ። «እስቲ የእኛን ሰው ይወቁት።» ስልክ አውጥታ ደወለች። «አንጁሎዬ፣ ምሳ ሰዓትህ አይደል? በደንብ ታጠብና ና።»

አንጁሎ በልብስ ሳሙና እስከ ክንዱ ታጥቦ ከነቱታው መጣ። «እጅህን ዘርጋ፣ መዳፍህን ወደ ላይ፣ ጣቶችህን ከፈት» አለችው፤ ለመንገደኛ በምትናገርበት ድምፅ። በጓንቷ የያዘችውን ቁራጭ ነጭ ጨርቅ ከአንጓው እስከ ጣቶቹ ጫፍ ቀስ አድርጋ ሳበች። ጨርቁን ትንሹ ማሽን ውስጥ ስትከተው አረንጓዴ በራ።

«አያችሁ! ንጹሕ ሰው ነው» አለ ነጋዴው።

«ንጹሕ? ተራራ ሲንድ ያረፈደ ሰው እኮ ነው!» አለች ሽታዬ።

ሌላ ጨርቅ አንሥታ ያንኑ እጅ ጠረገችና ትልቁ ውስጥ ከተተችው። ማሽኑ ክፍሉን በጩኸት አናጋው። አንጁሎ ደንግጦ ሁለት እጁን ሰማይ ሰቀለ፤ ሽታዬ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የትንሹ ማሽን ነጋዴም አብሯት ሳቀና «እኔ ደላላ ነኝ እህቴ፤ የሰጡኝን ነው የምሸጠው» ብሎ ዕቃውን ሸከፈ። ለሁሉም ምሳ የጋበዘው እሱ ነው።

የተገዛው ትልቁ ነው።

ያን ማታ ቫዝሊኑን እየቀባችው «ባል ብዬ ያገባሁህ ናሙና ሆንክልኝ» አለችው። ቆየት ብላ ደግሞ «ያ ትንሹ ተገዝቶ ቢሆን፣ አረንጓዴ እያየሁ ሰውን ሁሉ አሳልፍ ነበር። የሚጠብቀን ጸሎት ብቻ ነበር» አለች።

«ጸሎት ምን አነሰው?»

«አላነሰም። ግን ጌታ ዓይን የሰጠኝ ጨፍኜ እንዳሳልፍ አይደለም።»

ሕመሙ ድንገት ነው የጣላት። ልቧ ነው አሉ፤ አዲስ አበባ ካልሄደች አትተርፍም ተባለ። አንጁሎ ከካባው በገልባጭ መኪና ተጭኖ ሲደርስ አውሮፕላኑ ሊነሣ ነው። ውጭ ካለው ቧንቧ እጁን አሽቶ አሽቶ ታጠበና ገባ። ኢየሩስ ጨርቁን ከአንጓው እስከ ጣቱ ጫፍ ሳበች፤ እንደተማረችው። ማሽኑ ጮኸ። እንደገና አስታጠቡት፣ እንደገና ጠረገችው፣ እንደገና ጮኸ። ሊይዝላት የተቀበለው የሽታዬ ቦርሳ ሲጠረግ እንኳ ጮኸ፤ በእሱ እጅ የተዘጋ ነውና። ኃላፊው መጣ፣ ፖሊስ ተጠራ፤ ደንቡ እንዲያ ነው። ወደ ጥግ ወስደው ፊቱን ወደ ግድግዳ አቆሙት። የአውሮፕላኑን ሞተር ከጀርባው ሰማ። አብራት የሄደችው ነርስ ብቻ ናት።

ሲለቁት ያገኘው መኪና ላይ ተሳፈረ። ኮንሶ ሲደርስ ስልኩ ጠራ። እዚያው ወርዶ መንገድ ዳር ተቀመጠ፤ እሷን ይዞ የሚመለሰው መኪና እስኪመጣ ድረስ ከተቀመጠበት አልተነሣም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ጉምጉምታ በአንድ ጊዜ ቆመና አንጁሎ ቀና አለ። ኢየሩስ ከድንኳኑ ገመድ ወዲያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ሆኖ ቆማለች። አልማዝ ፊቷን አዞረች።

«ግቢ እንጂ ልጄ» አለ ጋሽ ኤርጎ። «ደጅ የሚቆም ለቅሶ ደራሽ የለንም።»

ገብታ መግቢያው አጠገብ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንጁሎ ወደ እሷ ዞረ።

«ኢየሩስ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ፊቷ እንዴት ነበር?»

ልጅቱ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ላሳልፍህ ነበር ጋሼ። ማለቴ… መጀመሪያ ሲጮህ፣ ማንም ሳይመጣ፣ ላጠፋው እጄን ሰድጄ ነበር። እህት ሽታዬ አየችኝ። ከወንበሩ ላይ ሆና ‹ተይ› አለችኝ።»

«እሷ ራሷ?» አለች አልማዝ ዞራ።

«ራሷ ናት። አንተን ጥግ ሲወስዱህ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ አልኳት። ‹ማሽኑ በእሱ እጅ ላይ ዝም ያለ ቀን ነው መፍራት ያለብሽ› አለችኝ። ሳቀች ጋሼ። እያመማት ሳቀች። ‹ራሱ የፈለጠው ድንጋይ መንገድ ሆኖለት የለ? በመኪና ይመጣል፤ ይደርስብኛል› አለች። እንደዚያ እየሳቀች ነው የወጣችው።»

ከሸራው ጫፍ የቀረው ውሃ ይንጠባጠባል።

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አለ ጋሽ ኤርጎ በለሆሳስ።

«መጥቼ ምን ልበል? ያስቀረችው እሷ ናት ልበል? በሞተ ሰው ማሳበብ መሰለብኝ።»

አንጁሎ አቀረቀረ። «ይደርስብኛል» የሚለው ቃል ከኮንሶ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ሁሉ ያህል ረዘመበት። ከዚያ ተነሥቶ በሰዎቹ ጉልበት መካከል አልፎ ሄደና ልጅቱ ፊት ቆመ። ጋቢው ከትከሻው ተንሸራተተ። ሁለት እጆቹን አወጣና ዘረጋ፤ መዳፉን ወደ ላይ፣ ጣቶቹን ከፈት አድርጎ።

የኢየሩስ እጅ በልማድ ጓንት ፍለጋ ወደ ጎኗ ሄደ። ቀሚስ ለብሳ ነው የመጣችው፤ ኪስም ጓንትም የላትም። ጋሽ ኤርጎ ማንቆርቆሪያውን ብድግ አደረገና መልሶ አስቀመጠው።

ልጅቱ ተነሥታ በባዶ እጇ የአንጁሎን አንጓ ያዘች። በሌላ እጇ የነጠላዋን ጫፍ ከአንጓው እስከ ጣቶቹ ጫፍ ቀስ አድርጋ ሳበች፤ ሽታዬ እንዳስተማረቻት። ከዚያ ጫፉን አጣጥፋ በመዳፏ ውስጥ ጨበጠችው።