ይሰማኛል ያልኩት እጅ

ቀኝ እጄ አራት ጊዜ በቢላ ተከፍቷል። ሰው ሲጠይቀኝ «አደጋ ነው» እላለሁ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ችኩል የምንለው የሥራ ባልደረባዬ የመስታወቱን ጫፍ ባይለቀው ኖሮ አንዱም አይደርስብኝም ነበር።

የምሠራው መስታወት ቤት ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ለሱቅ፣ ለመስኮት፣ ለቁም ሳጥን በር የሚሆነውን በልኩ የምቆርጠው እኔ ነበርኩ። የመቁረጫው ጠረጴዛ ምንጣፍ የለበሰ ነው፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ደህና ብርሃን ያለበት ቦታ ላይ። ሌሎቹ ይሸከማሉ፣ ይገጥማሉ፣ ስቱኮ ይቀባሉ፤ ጠረጴዛው ላይ የሚቆመው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሜን ቤተሰቡ አስተምሮት መምህር ሆነ። እኔን ከሰባተኛ ክፍል አስወጥተው «አንተ ጉልበት አለህ» አሉኝ። ስምንት ዓመት መስታወት ተሸክሜ ነው ያንን ጠረጴዛ ያገኘሁት። አንዴ ካገኘሁት በኋላ የቆረጥኩትን ጠርዝ ዓይኔን ጨፍኜ በአውራ ጣቴ ዳበስ አደርገዋለሁ፤ የት ጋ እንደሻከረ፣ የት ጋ ሊሰነጠቅ እንዳሰበ ጣቴ ይነግረኛል። የቤቱ ባለቤት ጋሼ ለደንበኛ «የዚህ ሰውዬ ጣት ከሜትር ይበልጣል» ይል ነበር። ለደንበኛ ነው ታዲያ። ለኔ አንድ ቀን ብሎኝ አያውቅም።

ችኩል የጋሼ ሚስት ወንድም ነው። ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን፤ ሲበላም ይቸኩላል፣ ሲያወራም ይቸኩላል፣ ሲስቅ እንኳ ቀልዱ ሳያልቅ ነው። ያን ቀን ከሰው ቁመት የሚበልጥ መስታወት ይዘን ደረጃ እየወጣን ነበር፣ እሱ ከላይ እኔ ከታች። «ቆይ፣ እጄን ላስተካክል» ብሎ ለቀቀው። ለአንድ አፍታ ነው ይላል እስከ ዛሬ። አንድ አፍታ በቃው። መስታወቱ መሀል ለመሀል ተሰብሮ ግማሹ ከእጄ አንጓ በላይ ገባ።

የዚያን ዕለት ደም ሥሩንና ጅማቱን ሰፉልኝ። በሦስተኛው ሳምንት መግል ያዘና እንደገና ከፍተው አጠቡት። በሦስተኛው ወር የተበጠሰውን ነርቭ ለመቀጠል ከግራ እግሬ ባት ሌላ ነርቭ አውጥተው እጄ ላይ ተከሉት። በዚህ የተነሳ የእግሬ ዳር ሙት ነው፤ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ቢገባ የማውቀው ካልሲዬ ሲደማ ነው። በሰባተኛው ወር ደግሞ ጠባሳው ጅማቱን አጣብቆ ጣቴ አልታጠፍ ስላለ ለአራተኛ ጊዜ ከፈቱት። በየመሀሉ ጀሶ፣ ፋሻ፣ ማደንዘዣ፣ ከማደንዘዣ ሲነቁ ማስመለስ። ባለቤቴ ሸሚዜን ትቆልፍልኛለች፣ የጫማዬን ክር ታስርልኛለች። እኔ ቁጭ ብዬ አናቷን አያለሁ።

የሚገርመው፣ በመርፌ ቢወጉት የማይሰማው እጅ ያመኛል። ጣቶቼ ጫፍ ላይ ኤሌክትሪክ የያዘኝ ይመስል ድንገት ይነዝረኛል፤ ያቃጥለኛል። አንድ ቅዳሜ ታላቅ ወንድሜ ሊጠይቀኝ መጥቶ ይህን ስነግረው መነጽሩን ከፍ አደረገ።

«የማይሰማህ ከሆነ እንዴት ያምሃል?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«እኮ፣ ወይ ይሰማሃል ወይ አይሰማህም። ሁለቱም አይሆንም። ከልጅነትህም እንዲህ ነበርክ።»

«ወንድምዓለም፣» አለችው ባለቤቴ ብርጭቆውን እያነሳች፣ «እጁን አንድ ቀን ተዋሰውና ሞክረው እስቲ።»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። «ከልጅነትህም» ያላትን ነገር ይዣት ቀረሁ።

ጋሼም መጥቷል፣ አንድ ጊዜ። አልጋው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጦ «ዓመት ድረስ እጠብቅሃለሁ» አለኝ። «ሐኪም እጁ ይሰማዋል፣ ለሥራ ብቁ ነው ብሎ ይጻፍልህና ና። እስከዚያ ጠረጴዛውን ችኩል ይያዘው።»

«ችኩል?»

«ሌላ ማን አለኝ?»

«ዓመት ካለፈስ?»

«እንግዲህ ያኔ የሱ ይሆናላ። ደንበኛ ማስጠበቅ አልችልም። አንተም ብትሆን እኔን ብትሆን ይህንኑ ታደርጋለህ።»

አላደርግም። ግን ምን ብዬ ልመልስለት? እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተኝቷል። «እሺ ጋሼ» አልኩት።

በየሳምንቱ የሚመረምሩኝ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ነው። ሲስተሯ ገና ወጣት ናት፣ ፈገግታ የማይለያት። ጠረጴዛው ላይ እጄን በጀርባው ታስተኛና «ዓይንዎን ይጨፍኑ። ስነካዎት የቱ ጣት እንደሆነ ይንገሩኝ» ትለኛለች። የምትነካኝ እንጨት ላይ በተሰካ ቀጭን የናይሎን ክር ነው። ጨፍኜ እጠብቃለሁ። ምንም። ቆይታ «ነካሁዎት እኮ» ትለኛለች በሐዘኔታ። ወረቀቷ ላይ ዜሮ ትጽፋለች። ዜሮን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃታለሁ፣ አዲስ አልሆነችብኝም።

ከአራተኛው ኦፕራሲዮን በኋላ ግን ዶክተሩ ጠራኝ። «ነርቭ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው፣ አንቸኩልም» አለ። «ግን በዘጠነኛው ወር ስሜቱ ጣትዎ ካልደረሰ ተከላው አልያዘም ማለት ነው። ከሌላኛው እግር ወስደን እንደገና እንተክላለን። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተጨማሪ ይፈልጋል።»

አንድ ዓመት ተጨማሪ። እሱ ይህን ሲል እኔ የሚታየኝ መስኮቱ ሥር የቆመው ችኩል ነው። ሌላኛው እግሬም ታየኝ። የማደንዘዣው ሽታም አፍንጫዬ ሥር መጣ። እንደገና ከፍታችሁ? እኔ ቦርሳ ነኝ?

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዓይኔን ጨፍኜ ስጠብቅ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ሲስተሯ ልትነካኝ ስትል ትንፋሿን ትይዛለች። ትንሿ ጣቴ ጋ ስትሄድ ወንበሯ ሲጥ ይላል። አውራ ጣቴ ጋ ስትመጣ ደግሞ ክንዷ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል፤ ጠረጴዛው ንቅንቅ ሲል ክርኔ ያውቃል፣ ክርኔ ደህና ነው።

ትንፋሿ ቀጥ አለ፤ ጠረጴዛው ተነቃነቀ።

«አውራ ጣት» አልኩ።

ወንበሩ ሲጥ አለ።

«ትንሿ።»

«ጎበዝ!» ብላ ጮኸች። «ጎበዝ የኔ አባት! እየመጣ ነው እኮ!»

ሰው ጎበዝ ካለኝ ስንት ዘመኔ ነው። ደግሞም አባቷ አይደለሁም፣ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ቢሆንም ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ጥበቡን ያዝኩት። ሁሉንም ባገኝ እንዳትጠረጥር አልፎ አልፎ ሆን ብዬ እሳሳታለሁ። አንዳንዴም ሽፋሽፍቴን ለቀቅ አድርጌ አጮልቃለሁ። ዜሮዎቹ ቁጥር እየሆኑ ሄዱ።

አንድ ቀን ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደው ባለቤቴ ልብስ እየተኮሰች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ ስለ ጋሼ እያወራኋት ነበር። አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች።

«ምንድነው የሚሸተኝ?»

«ያ ሸሚዝ ይሆናል።»

ዞር ብላ አየችና ጮኸች። እጄ የቆመው ካውያ ላይ ተደግፎ ኖሯል። ሁለት ጣቴ ላይ ቆዳው ተነስቷል። ውኃ ውስጥ ነክራው ስታበቃ ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሲስተሯን ምን እያልካት ነው?»

«ምን እላታለሁ?»

«ይሰማኛል ነው የምትላት? ይህ ነው የሚሰማው?»

«ዝም በይ።»

«አልልም! ነገ ሄጄ ለዶክተሩ እነግረዋለሁ።»

«ንገሪያ! ሂጂና ንገሪ! የልጆችሽን አባት የችኩል ተሸካሚ አድርጊውና እረፊ!»

ካውያውን ነቅላ ቁጭ አለች፤ ዶክተሩም ጋ አልሄደችም። ዛሬ ሳስበው፣ እኔን ጥላኝ ሄዳ ብትነግራቸው ኖሮ እላለሁ። ወዲያው ደግሞ አፏን ያስያዝኳት ራሴ መሆኔ ትዝ ይለኛል።

በዘጠነኛው ወር ዶክተሩ ወረቀቱን አየ። ከውጭ ወረፋው እስከ ደረጃው ደርሷል፣ በሩን እየከፈቱ አንገት ያስገባሉ። ቃጠሎው የሻረበትን ጣቴን እንኳ አላየውም፣ ወይም አይቶ አልጠየቀኝም። «ጥሩ ነው፣ እየመጣ ነው፣ መክፈት አያስፈልገንም» አለ። ከክፍሉ ስወጣ በደስታ ልዘል ነበር። ዓመቱ ሊሞላ አንድ ሳምንት ሲቀረው ለሥራ ብቁ ነው የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጠኝ።

ሰኞ ጠዋት ገባሁ። ችኩል ጠረጴዛውን ለቀቀልኝ፤ እውነቱን ለመናገር አልከፋውም። «ናፍቀኸናል ወንድሜ፣ እኔ ስንቱን ሰባበርኩት መሰለህ» አለ። ጋሼ ከኋላው ቆሞ እጁን አጣምሯል። የፀጉር ቤት መስታወት ነበር፣ ረጅም። እኔ መቁረጫው አልማዝ ከጣቶቼ እንዳያመልጥ ቀድሜ መጸዳጃ ቤት ገብቼ መያዣውን ከሌባ ጣቴ ጋር በፕላስተር ጠምጥሜዋለሁ፤ ለጠየቀኝ «ጠባሳውን እንዳይልጠኝ ነው» ብያለሁ። በግራ እጄ ከላይ ተጭኜ ሳብኩት። ያ ድምፅ፣ ያ ቀጭን ክርር የሚለው፣ ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት! ጠርዙን መታ መታ አድርጌ ወደ ታች ስጫነው ቀጥ ብሎ ተከፈለ።

«ይኸው!» አለ ጋሼ። «አላልኳችሁም?»

እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት። ግን ሁሉም እያዩኝ ነው። እንደ ድሮዬ ዓይኔን ጨፍኜ አውራ ጣቴን ጠርዙ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሰደድኩት፣ ቀስ ብዬ፣ እያዳመጥኩ እንደሆነ ሁሉ። «ለስላሳ ነው» አልኩ። ዓይኔን ስገልጥ ሰው ሁሉ ጠርዙ ላይ አፍጥጧል። መስታወቱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደም ተሰምሯል።

«ማነው የደማው?» ብዬ ጮኽኩ። «ስንት ጊዜ ነው ጓንት አድርጉ የምላችሁ? ሥራ መሰላችሁ ጨዋታ? የሰው መስታወት አበላሻችሁ እኮ!»

ወደ ችኩል እጅ አየሁ፣ ወደ ሌሎቹም። ከዚያ ችኩል፣ ሳውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል፣ «ወንድሜ፣» አለኝ፣ «አንተ ነህ።»

ጣቴ እስከ አጥንቱ ተሰንጥቋል። ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል። መስታወቱ ውስጥ ደግሞ የኔ ፊት አፉን ከፍቶ ያየኛል። ችኩል መሐረቡን አውጥቶ ጣቴን አሰረልኝ፣ አጥብቆ፣ ጎንበስ ብሎ። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ጋሼ የሰጠሁትን የሐኪም ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አንዴ ተመለከተው፣ አጠፈው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦልኝ ወደ ቢሮው ገባ።

ጣቴን ከሰፉልኝ በኋላ መርፌ እየሰኩ ነርቭ በማሽን ወደሚያዩበት ሌላ ሆስፒታል ላኩኝ። ወረፋው ሁለት ወር ወሰደ። ውጤቱን ይዤ፣ ባለቤቴ አብራኝ፣ ዶክተሩ ፊት ተቀመጥን። ሲስተሯን አስጠርቷታል፤ የኔን ወረቀቶች ደረቷ ላይ ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች።

«በነርቩ ምንም ስሜት አላለፈም» አለ ዶክተሩ። «ከመጀመሪያውም አልያዘም ነበር። በየሳምንቱ ግን ይሰማኛል ሲሉ ነበር።»

ቀኝ እጄን በግራዬ ሸፈንኩት።

«ይሰማዎት ነበር?»

ባለቤቴ ጉልበቷን እያየች «አይሰማውም ነበር» አለች።

ሲስተሯ «እንዴት? ጣቶቹን እኮ በትክክል ይነግሩኝ ነበር…» ብላ ጀመረችና ተወችው። እንባዋ መጣ። እኔ በልቤ የተማርሽው አንቺ፣ ያላወቅሽው አንቺ አልኩ። ዛሬም እላለሁ። ግን ስታለቅስ ማየቱ አላስደሰተኝም።

«አሁን ትከሉዋ» አልኩት። «ከቀኝ እግሬ ውሰዱ። ከሁለቱም ውሰዱ።»

«በዘጠነኛው ወር ቢሆን ተስፋ ነበረው። አሁን የእጅዎ ጡንቻ ደርቋል፤ ነርቩ ቢመጣም የሚያንቀሳቅሰው ነገር አያገኝም። ስሜቱንም ቃል አልገባልዎትም፣ ዋሽቼ አልሰድዎትም።» እጄን አነሳው፤ እንዳነሳው ያወቅኩት ስላየሁ ነው። «ማድረግ የምንችለው ከክንድዎ አንድ ጅማት አዙረን አውራ ጣትዎ እንዲቆም ነው። ኩባያ ይይዛሉ፣ በር ይከፍታሉ።»

«መስታወትስ?»

እኔ ነኝ የጠየቅኩት፤ እሱ ግን ያየው ባለቤቴን ነው።

የፈቃድ ወረቀቱን የምንፈርመው መዝገብ ቤት ነው። ብዕሩን በግራ እጄ ይዤ ስሜን ፊደል በፊደል ሣልኩት፤ ደቂቃ ፈጀብኝ። ጸሐፊዋ ከድሮው ፋይል ጋር አስተያየችው።

«ይህ ካለፈው ጋር አይመሳሰልም አባቴ። ጣት ያድርጉልኝ።»

«መጻፍ እችላለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ፣ ደንቡ ነው።»

«የግራውን እንኪ።»

«የቀኝ አውራ ጣት ነው የሚለው።»

ቀለሙን ገፋ አደረገችልኝ። አውራ ጣቴ ከመዳፌ ጋር ተጣብቆ ተኝቷል፣ ብቻውን አይነሳም። ባለቤቴ ከመዳፌ ፈልቅቃ ይዛ ቀለሙ ላይ አሳረፈችው። ከኋላችን የተሰለፉት ሰዎች አንገታቸውን ያሰግጋሉ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«በቃ?» አልኳት ቆይቼ።

«ቆይ፣ ወረቀቱን ገና አልነካም» አለችኝ ቀስ ብላ።