ግማሽ የወጣች እጅ

ቻይና መንገድ ሠራችልን፣ ባቡርም ዘረጋችልን፤ የአትሌቶቼን ሆድ ለመለካት ትመጣለች ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ወረቀቱን ይዛ ሜዳ ድረስ የመጣችው ትህትና የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናት። መጠይቁ መጀመሪያ የተዘጋጀው ለቻይና አትሌቶች ነው አለችኝ። አሰልጣኛቸው እንዴት እንደሚይዛቸው፣ አእምሯቸውም ሰላም መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል። እሷ ወደ አማርኛ መልሳው፣ እዚህ አዳማ ይሠራ እንደሆነ ልትሞክረው ነው። እኔም ሩጫ የሚለካው በሰዓት ነው ብዬ አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን ሰዓት አሳየኋት። ሳቀች፤ ወረቀቱን ግን እኔው ጋ ተወችው።

ሰንበታ እባላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አሰልጥኛለሁ፤ ቁጡ መሆኔን አዳማ ሁሉ ያውቃል። አሥራ አራት ልጆች አሉኝ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በወንጂ መንገድ ይሮጣሉ፣ እኔ ከኋላ በባጃጅ እየተከተልኩ እጮሃለሁ። ጉልበቱን አሞት የደበቀኝ ካለ ጆሮውን ይዤ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እለዋለሁ። ጉልበት ስል ግን ጉልበት ማለቴ ነው። ስለ ሌላው ጠይቄያቸው አላውቅም፤ እኔንም የሚጠይቀኝ የለም። ባለቤቴ እልፍነሽ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ሰው መንገድ ላይ አግኝቶኝ እንዴት ነህ ሲለኝ ይመስገን እላለሁ፣ እሱም ያልፋል። ማታ ቤቴ ስገባ ሬዲዮኑን የምከፍተው ዜና ለመስማት አይደለም።

ትህትና ስትሄድ አደራ ብላኝ ነበር። እያንዳንዱ ለብቻው ይሙላ፣ ስም አይጻፍ፣ እርስዎም ዘወር ይበሉ አለችኝ። እኔ ግን የራሴን ብልሃት አመጣሁ። ግማሾቹ ከአርሲ ገጠር የመጡ ናቸው፤ የሚያነቡት አፋን ኦሮሞ ነው፣ የአማርኛ ንባብ ያስቸግራቸዋል። እንዲቀላቸው ብዬ ሣሩ ላይ ሰብስቤ አስቀመጥኳቸውና ጥያቄዎቹን በሁለቱም ቋንቋ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከዚያ እጅ አውጡ እያልኩ እንደ ቀበሌ ስብሰባ ቆጠርኩ።

አሰልጣኜ ያዳምጠኛል፦ አሥራ አራት እጅ። አሰልጣኜ ሳጠፋ አያዋርደኝም፦ አሁንም አሥራ አራት። በዚያው ሳምንት ሰው ሁሉ ፊት አህያ ያልኩት ዳዊ እንኳ ከሁሉም ቀድሞ አወጣ። ይሉኝታ መሆኑን አላጣሁትም። ግን ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

ቀጥዬ ስለ ራሳቸው የሚጠይቀውን አነበብኩ። "በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ብቸኝነት ተሰምቶኛል፤ የምነግረውም ሰው የለኝም።" ማንም አላወጣም። ልጽፍ ስል ከኋላ የጉዲቱ እጅ ተነሣ፤ እስከ ትከሻዋ ደረሰና ቆመ። ጉዲቱ የአቦምሳ ልጅ ናት፤ ጠዋት ከእኔ ጋር ትሮጣለች፣ ከሰዓት ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። እንደ እሷ ያለ እግር በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አላጋጠመኝም። ከወር ወዲህ ሰዓቷ እየዘገየ ስለነበር ሰነፍሽ እያልኩ እጮህባት ነበር። አየኋት፤ እሷም አየችኝ። እጇ መንገዱን ቀይሮ ሻሿን ማስተካከል ጀመረ። እኔም ዜሮ ብዬ ጻፍኩ።

በአምስተኛው ቀን ልምምድ ላይ ጉዲቱ የለችም። አብራት በአንድ ክፍል የምትኖረውን ሌንሳን ጠየቅኳት። ልብሷን ሰብስባ አገሯ ገብታለች፣ ሩጫ በቃኝ ብላለች አለችኝ። ለካ ምግብ ካስጠላት ሰንብቷል፣ ስታለቅስም ትውል ነበር። ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም ብዬ ተቆጣሁ። ሌንሳ መሬት መሬት እያየች፣

"ምን ብለን እንንገርዎት ኮች?" አለችኝ።

በዚያው ቀን ትህትና የላክኩላትን ወረቀት ይዛ ተመለሰች። የአሥራ አራት ሰው ልብ አንድ ዓይነት አይሆንም፣ ምን አድርገው ነው አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት፤ የእጁን ነገር፣ የሻሹንም ነገር። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ ካዩ ለምን ዜሮ ጻፉ ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን አውቀው ነበር፤ አልነገርኳትም እንጂ። አንድ ብዬ ብጽፍ ኖሮ ልጅቷን ምን ሆነሽ ነው ብዬ መጠየቅ ይኖርብኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ አልችልበትም። ሌሎቹን እንደገና ለየብቻቸው እንድታስሞላ ተስማማን። እኔ አንድ ባዶ ወረቀትና አንድ ፖስታ ለመንኳት።

ቅዳሜ በሚኒባስ አቦምሳ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ነበር፤ ውድድሩ ወር ቀረው፣ ተሰጥኦ እንዲህ አይጣልም፣ የመሳሰለውን። ጉዲቱን ግቢያቸው በር ላይ ማንጎ እየለየች ሳጥን ውስጥ ስትደረድር አገኘኋት። አባቷ አካም ጅርቱ ብለው በክብር ተቀበሉኝና ለብቻችን ተዉን። እሷ ተነሥታ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች፤ ጩኸቴን ነበር የምትጠብቀው። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ሰጠኋት።

"ብቻሽን ሙዪው። እኔ ዞሬ እቆማለሁ። ባትመለሺም ሙዪው" አልኳት።

ዞሬ የቁልቋሉን አጥር እያየሁ ቆምኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የእነሱን ጀርባ ሳይ ኖሬ፣ ጀርባዬን ለአትሌት ስሰጥ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ፀሐዩ አናቴን እየበሳኝም አልዞርኩም። በመጨረሻ ወረቀቱን ፖስታው ውስጥ ከታ፣ በምራቋ አሽጋ ሰጠችኝ።

ያን ቀን እጇን አይቼ እንደነበር ነገርኳት።

"እንዳዩ አውቃለሁ፤ የሄድኩትም ለዚያ ነው" አለችኝ።

ይህን ስትል ድምጿ እንኳ ከፍ አላለም። ብትሰድበኝ እችለው ነበር። አጠፋሁ፣ ይቅር በይኝ አልኳት፤ ቃሉ አፌ ላይ እንግዳ ነበር። ወደ ማንጎዋ ተመለሰች፤ የበሰለውን ወደዚህ፣ ጥሬውን ወደዚያ እየለየች። ወደ አዳማ ትመለስ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። መሄድ እንዳለብኝ ገባኝና ኮፍያዬን አስተካከልኩ። ያኔ ቀና ሳትል፣ ሣሩ ላይ እኔ እንዳነበብኩት አድርጋ ያንኑ ጥያቄ አነበበችልኝ።

"በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ብቸኝነት ተሰምቶኛል፤ የምነግረውም ሰው የለኝም። እጅ ያውጡ፣ ኮች።"

ይመስገን የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደረሰ፤ ዋጥኩት። እጄን አነሣሁ። ትከሻዬ ጋ ሲደርስ ወደ ኮፍያዬ ሊሸሽ ፈለገ፤ እንደምንም ከፍ አደረግኩት። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ስለነበር ፊቷን በደንብ አላየሁትም።

"አንድ" ብላ ቆጠረች።

ከዚያ ሳጥኑን ገፋ አድርጋ አጠገቧ መቀመጫ ለቀቀችልኝ።