የጋሽ ሐዲስ አራት ፍሬ

ሲስተር በእምነት ስሟ ነው እንጂ፣ ሰው ማመን የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። በተለይ እንከን የሌለበት ሰው ያስጠረጥራታል።

ከቦንጋ ወጣ ባለችው ጤና ጣቢያ ሃያ ሦስት የቲቢ ታካሚዎችን በስልክ አፕ ትከታተላለች። በየጠዋቱ መድኃኒታቸውን ሲውጡ ስልካቸውን ይጫናሉ፤ እሷ ታብሌት ላይ አረንጓዴ ይበራል። ሃያ ሁለቱ አንዳንዴ ይረሳሉ፣ አንዳንዴ ቻርጅ ያልቅባቸዋል። ጋሽ ሐዲስ ግን ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን አላሳለፉም። ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን አረንጓዴ!

አለቃዋ በየስብሰባው "ሞዴል ታካሚ" ይላቸዋል። እሷ የምታየው ሚዛኑን ነው። ሲጀምሩ ሃምሳ አምስት ኪሎ ነበሩ፣ ዛሬም ሃምሳ አምስት ናቸው። ሳሉም አልለቀቃቸውም። የቀራቸው የመድኃኒት ፍሬ ሲቆጠር ደግሞ አይተርፍ፣ አይጎድል።

"እየጣሉት ነው" አለች በሆዷ። "ስልክ ሲጫኑ ማን ያያቸዋል?" በሽታው መድኃኒቱን ከለመደው በኋላ ማዳኑ ምን ያህል እንደሚከብድ ስታስብ ንዴቷ ባሰ።

ማክሰኞ ማለዳ ለማንም ሳትናገር ወደ ጋሽ ሐዲስ ቤት መንገዱ እስከሚያልቅበት በባጃጅ ሄደች፤ የቀረውን ጭቃ በእግሯ ተያያዘችው። ስትደርስ ለአንድ ሰዓት አምስት ጉዳይ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። "ቤቶች!" ማለት ሲገባት እንደ ሌባ ተጠግታ አጮለቀች። አፈረች፤ ግን አየች።

ባለቤታቸው እትዬ ተሾመች የቀኑን አራት ፍሬ በሳህን አቀረቡ። ጋሽ ሐዲስ ሁለቱን አነሱ፤ ሁለቱን እትዬ ተሾመች። አብረው ዋጡ። ከዚያ ጋሽ ሐዲስ ስልኩን ተጫኑ።

"ጋሼ! ምን እያደረጋችሁ ነው?" ብላ ዘው አለች።

ጋሽ ሐዲስ አልደነገጡም። "ግቢ ልጄ። እኔ በጀመርኩ በሳምንቱ እሷም መሳል ጀመረች። ምርመራ ብትመጣ አገር ያያታል። ከዚያ ኮረሪማዋን ገበያ ላይ ማን ይገዛታል?"

"ስልኩንስ ለምን ይዋሹታል?"

"ምን ዋሸሁ? 'መድኃኒትዎን ዋጡ?' ይለኛል፤ ዋጥኩ። ስንት ብሎ አልጠየቀኝ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማሽም?"

መንገድ ለመንገድ ስታዘጋጀው የመጣችው ቁጣ ከአፏ ጠፋ። አጭበርባሪ ልትይዝ መጥታ ባልና ሚስት አገኘች።

"ጋሼ፣ ግማሽ መድኃኒት ማንንም አያድንም" አለች። "እሳቸውም አይድኑ፣ እርስዎም አይድኑ።"

ጋሽ ሐዲስ የወሩን መድኃኒት ከነማሸጊያው አንስተው ሚስታቸው ጭን ላይ አኖሩት።

"እንግዲያው ሙሉውን እሷ ትዋጠው።"

እትዬ ተሾመች ወደ ባላቸው መለሱት። "አንተ ዋጠው። ምን ሆነሃል?"

"ለሁለታችሁም እኮ አለ! በነፃ ነው! እትዬን ዛሬውኑ እመረምራቸዋለሁ!" ብላ ጮኸች በእምነት።

የሰማት አልነበረም። ማሸጊያው ከጭን ወደ ጭን ይመላለስ ነበር።